መብራቱን አጥፊው

ጋሽ ዳና ያረፉ ዕለት ረፋድ ላይ፣ ሶዶ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ሲተከል፣ ልጃቸው ምሕረት እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«አስቴር፣ አንቺ ጋ የአባ ፎቶ አይጠፋም» አለችኝ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ሳጥኑ ፊት የሚቆመውን ፎቶ አሳትሞ የሚያመጣው ዘመዳቸው ባጃጅ አስቁሞ በር ላይ ይጠብቃል።

ስልኬን ከፈትኩ። ልጆቼ አሉ፣ የልጆቼ ልደት አለ፣ የት እንደበላሁት የማላስታውሰው ምግብ ሁሉ አለ። ጋሽ ዳና ግን የሉም። አንዱ ላይ ክርናቸው፣ ሌላው ላይ ጀርባቸው ብቻ። አብረውን ላስተማሩት ሁሉ ደወልን፤ ያገኘነው መልስ አንድ ነው። የትምህርት ቤታችንን ምረቃ፣ የወላጆች ቀን፣ የመምህራን ሽኝት ፎቶ ሲያነሱ የኖሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ከታመሙ ወዲህ ደግሞ ስልክ የደቀነባቸው ሰው ካለ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ የምሕረት ሠርግ ቪዲዮ ላይ እንኳ ፊታቸውን በእጃቸው ጋርደዋል። በመጨረሻ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ተለጥጣ ታተመች። ደብዝዛ ማንንም የማትመስል ሆነች። ለቀስተኛው ፎቶዋን እያየ ሲያለቅስ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያ ሳጥኑ ፊት የቆመው ሰውዬ ጋሽ ዳናን አይመስልም ነበር።

እኔ የማውቃቸው ጋሽ ዳና ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ይከድናሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲደነግጡ ወይም ሲናደዱ ግን ወላይትኛው ይቀድማቸውና «አንተ»ና «አንቺ» ይደባለቅባቸዋል። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሆነ ብለው ያናድዷቸው ነበር። እሳቸውም የሚስቁባቸውን ልጆች አይተው መጨረሻ ላይ አብረው ይስቃሉ።

ምሕረት ገና ሕፃን ሳለች ነው ሚስታቸው የሞቱባቸው። ሌላ አላገቡም። እህታቸው ጎረቤት ሆና ብታግዛቸውም ልጅቷን ፀጉሯን እየሠሩ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ካሜራ ያለው ስልክ ከመምህራኑ ሁሉ ቀድመው የገዙትም ለእሷ ሲሉ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ባሉበት በሰላም መብላት አልቻለም። ቁርጥ ቤት ተቀምጠን ሥጋው ሲመጣ «ቆይ! እንዳትነኩት!» ይላሉ። «ዳጣውን ወደዚህ አዙሩት፣ ይታይ።» እኛ ምራቃችንን እየዋጥን እንጠብቃለን። ምሕረት ጥርሷን ስትነቅል፣ ምሕረት ሰርተፍኬት ስትቀበል፣ ምሕረት መዘምራን መሐል ቆማ፤ ሁሉም ስልካቸው ውስጥ አለ። ስልክ ሲቀይሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፎቶዎቹ መገልበጣቸውን ነው።

ነገሩ የጀመረው በመሰናከል ነበር። ከክፍል ሲወጡ ደረጃውን ይስታሉ። በኮሪደር የሚመጣውን ሰው በትከሻቸው ይገጩታል። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ የርዕሰ መምህሩ ጭን ላይ ሻይ ደፉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩና ሰው በግልጽ አይናገርም እንጂ፣ ከኋላቸው አውራ ጣቱን ወደ አፉ እያመለከተ «ጀመሩ እንዴ?» የሚባባለው በዛ። እኔም ሰማሁ። አንድ ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው «ጋሽ ዳና፣ ምን ሆነዋል?» አልኳቸው።

«ጎን ጎኑ አይታየኝም» አሉኝ። «ከፊቴ ያለው ይታየኛል። ጎን ጎኑ ግን የለም።»

ሐዋሳ የዓይን ክሊኒክ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ነገረቻቸው። የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ትንሽ ሊያቆየው ይችል ይሆናል፤ ግን በጣም ቆይተው ነው የመጡት።

«እስከ መቼ?» አሏት።

«እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም፣ አባቴ። ወራትም ሊሆን ይችላል።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ። አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው የምሕረትን ፎቶዎች ያገላብጡ ጀመር። እንደዚያ ብዙ ከሄድን በኋላ አንዱን አሳዩኝ። ምሕረት የምረቃ ጋውን ለብሳ አበባ ይዛለች።

«አስቴር፣ ይሄን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት አላስታውስም! ነርስ ሆና የተመረቀች ዕለት ነው። ዝናቡ ሲወርድ ሁላችንም ዛፍ ሥር ገብተን፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ስትሮጥ...»

«ዝናብ ነበር?» አሉ።

ስልኩን መልሰው አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት።

«እኔ የማስታውሰው ፀሐይዋ ከኋላዋ ሆና ፊቷ እንደጠቆረብኝ ነው። ሌላ ምንም አላስታውስም።» ሌላ ፎቶ አወጡ፤ ከዚያ ሌላ። «ይሄንንም አላስታውስም። ይሄንንም። የት ነበርኩ አስቴር? አባቷ ነኝ፣ የት ነበርኩ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

ምሕረት በዚያ ጊዜ ዱቦ ሆስፒታል ነበር የምትሠራው፤ ቤት የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ያዕቆብ ለሚባል፣ ጅንካ መሥሪያ ቤት ላለው ልጅ ታጭታ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ጋሽ ዳና ለእሷ እንዳልናገር ቃል አስገቡኝ። «ካወቀች ሠርጉን ትተዋለች» አሉኝ። «እኔን ልትጦር ትቀራለች። ይሄ እንዲሆን አልፈልግም።»

ስልካቸውን ለእህታቸው ሰጥተው ካሜራ የሌለው ርካሽ ስልክ ገዙ። ከዚያ ማየት ጀመሩ። ሌላ ቃል የለኝም። ጠዋት ዳመናው ሳይወርድበት የዳሞታን ተራራ ለማየት መንገድ ዳር ይቆማሉ። ገበያ ገብተው የዝንጅብሉንና የቃሪያውን ክምር ሲያዩ ነጋዴዎቹ «ጋሼ፣ ይገዛሉ ወይስ አይገዙም?» ብለው ይቆጧቸዋል። እኔ ቤት መጥተው «አስቴር፣ ነይ ቁሚ እስቲ፣ ፀሐይ ወዳለበት» ብለው ያቆሙኝና ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ተራ በተራ ያዩና «እሺ፣ ተቀመጪ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይሸሻቸው ጀመር። እንደዚያ ሲታዩ ዝም ብሎ መቆም ከባድ ነው።

የሚከፋው እሑድ ነበር። ምሕረት ስትመጣ ስልኳ ከእጇ አይወርድም፤ የቬሎው፣ የመኪናው፣ የአዳራሹ ጉዳይ ነው። እሳቸው ማዶ ተቀምጠው ያፈጡባታል። «አባ፣ ምን ሆነሃል? ፊቴ ላይ ምን አለ?» ትላለች ቀና ሳትል። በእራት ሰዓት መብራት ሲጠፋ እንደ ሕፃን ይደነግጣሉ። ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጡ ብርጭቆ ይሰብራሉ። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

የክረምቱ ውሃ ሳይቀንስ ተማሪዎቹን አጆራ ፏፏቴ ይዘን ሄድን። ጋሽ ዳና እንዲቀሩ ብንለምናቸውም እምቢ አሉ። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ልጆቹ በሙሉ ተሰለፉ፤ ስልካቸውን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው። ጋሽ ዳና ዳር ላይ ድንጋይ ተደግፈው ቆመዋል። ያን ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ አያዩትም፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ከላይ ጀምረው ቁራሽ በቁራሽ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ከዚያ ዞር ሲሉ ልጆቹን አዩ።

«ዙሩ!» አሉ። «ኋላችሁ ነው ያለው! ዙሩ እንጂ!»

ልጆቹ ሳቁ።

«እለምናችኋለሁ፣ ዙሩና እዩ! እናንተ ዓይን አላችሁ!» ድምፃቸው ተሰበረ። የአንዷን ትከሻ ይዘው ሊያዞሯት ሲሞክሩ ደንግጣ ጮኸች። ሌላው ይቀርፅ ነበር። ማታ ቪዲዮው በየስልኩ ደረሰ፤ ፏፏቴ ላይ የሚጮኹ ያበዱ መምህር ተብሎ፣ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሮበት። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ አስጠነቀቃቸው። በዚያው ሳምንት ማስተማሩን ተዉ። ምሕረትም ቪዲዮውን አይታ ኖሮ ደውላ አለቀሰችባቸው። «የያዕቆብ ቤተሰቦች አይተውታል፣ አባ። አሳፈርከኝ።» እሳቸው «እሺ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ብቻ አሏት።

ጥር ሲደርስ የሚያዩባት ቀዳዳ ይበልጥ ጠባ ነበር። የሠርጉ ጠዋት በጊዜ ደረስኩ። አዲስ ኮት ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ወደሚገባበት አስቀምጠውታል። ጎንበስ ስል በጆሮዬ «ጉልበቴን ስትስም ፊቷ እዚህ ድረስ ይመጣል» አሉኝ፤ በመዳፋቸው ደረታቸው ፊት ያለውን ቦታ እያሳዩ። «በቀን ብርሃን፣ እዚህ። ያቺ ትበቃኛለች። ከዚያ ትሂድ።»

ቪዲዮ የሚቀርፁት ልጆች ገቡ። አንደኛው ጢማም ጎረምሳ መስኮቱን አየና «ከኋላ ብርሃን ይገባብኛል» ብሎ መጋረጃውን ዘጋው። ወንበሩንም ከነጋሽ ዳና ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። «አይሆንም፣ እዚህ ነው የምፈልገው» ሲሉት «አይጨነቁ ጋሼ፣ መብራት አለን» አላቸው።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገባ፤ መዝሙሩ፣ እልልታው። ምሕረት ከውስጥ ወጣች። አክስቷም፣ ሚዜዎቹም፣ ጎረቤቱም ስልኩን ከፍ አድርጎ ከበባቸው። መብራቱ በራ። ምሕረት ቬሎዋን ሰብስባ አባቷ ፊት ተንበረከከች።

ጋሽ ዳና ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣ ቀና ይበሉ! ወደ ካሜራው ይዩ!» አለ ጢማሙ።

ቀና አሉ፤ መልሰው ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ። ምሕረት ጉልበታቸውን ስማ ስትነሳ ልጁ «ሙሽሪት፣ አንዴ ትደገም፣ የሰው ስልክ ገብቶብኛል» አላት። ደግማ ተንበረከከች። ጢማሙ መብራቱን ከነእግሩ አስጠጋው። ጋሽ ዳና እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ።

«መብራቱን» አሉ በቀስታ። ማንም አልሰማቸውም። «መብራቱን አጥፊው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያን ጢም ያወጣ ልጅ «አጥፊው» ሲሉት ማን ይችላል!

«አጥፊው እባክሽ! ነጭ ነው፣ ሁሉም ነጭ ነው፣ አጥፊው!»

ሳቁ ባሰበት፤ ስልኮቹ ተጠጉ። ጋሽ ዳና ተነሱና እጃቸውን ሲያወናጭፉ የመብራቱን እግር አገኙት። ወድቆ ተንኮታኮተ። አክስቷ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ጮኹ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ሰውዬው ጠጥተዋል» ሲል ሰማሁት።

ምሕረት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «በሠርጌ ቀን፣ አባ? ምን አድርጌህ ነው?» ሚዜዎቿ ደግፈው ወደ መኪናው ይዘዋት ወጡ።

ጋሽ ዳና እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ምሕረት» ይላሉ። «ምሕረት፣ ቆይ። ምሕረት።» የሚናገሩት ከመጋረጃው ጋር ነበር። ፊታቸው ወደ በሩ አልነበረም።

ቃሌን አልጠበቅሁም። ሮጬ መኪናው ጋ ደረስኩና መስኮቱን በጡጫዬ መታሁት። «አባትሽ ዓይናቸው ጠፍቷል! ሊያዩሽ ነው የፈለጉት! መጋረጃውን እኮ ነው የሚያናግሩት፣ ሂጂና እዪ!»

ቬሎዋን በጭብጧ ይዛ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ አሁንም መጋረጃውን «ምሕረት» እያሉ ነበር። ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

«እዚህ ነኝ፣ አባ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ተዪው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፊትሽን አሳዪኝ» አሉ። «ጊዜ የለኝም፣ ልጄ፣ ፊትሽን አሳዪኝ።»

በማድ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ይዛቸው ወጣች። አክስቷ «ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል፣ ሰዓት አልፏል!» እያሉ፣ ጢማሙ ካሜራውን ተሸክሞ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ተከተለ። ያኔ ያዕቆብ መጣ። ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የማድ ቤቱ በር ላይ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመና «ማንም አያልፍም» አለ። እኔን ብቻ አሳለፈኝ፤ ምሕረት ስለጠራችኝ።

ጓሮው በፀሐይ ተሞልቷል። ጋሽ ዳና አገጯን ይዘው አቀኑት፤ ዓይናቸውን አስጠጉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሜካፕ ነው፣ አባ።»

«ይሄ ቅንድብ ያንቺ አይደለም። ይሄ ሽፋሽፍት... ይሄ ያንቺ አይደለም» አሉ። ሊያለቅሱ ደረሱ። «የማንን ፊት ነው የምታሳዪኝ?»

ምሕረት ወደ እኔ ዞረች። «ውሃ፣ አስቴር። ሳሙናም።»

ሴቶች ከንጋት ጀምሮ የደከሙበትን ሁሉ በአንድ ጆግ ውሃ አጠበችው። ጥቁሩ ቀለም ነጩ ቬሎ ላይ ተንጠባጠበ። የተለጠፈውን ሽፋሽፍት ነቅላ ጣለችው። ከዚያ እርጥብ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«አታልቅሺ» አሉ። «ካለቀስሽ ይለዋወጥብኛል። ትንሽ ብቻ ቻይው።»

ቻለችው። ጋሽ ዳና ከግንባሯ ጀመሩ። ትንፋሻቸው ሮጦ እንደመጣ ሰው ነው። አንዱን ቅንድብ፣ ከዚያ ሌላውን። ከዘይቱን ዛፍ የወደቀች ጊዜ አገጯ ላይ የቀረውን ጠባሳ። አንዳንዴ ያልፉና ጠፋባቸው መሰለኝ፣ ደንግጠው ይመለሳሉ። ከውጭ የመኪናው ጥሩምባ ይጮኻል፤ በሩ ላይ ይጨቃጨቃሉ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። እንዲያ ሲተያዩ አይቻቸው አላውቅም።

«ግንባርሽ የእናትሽ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አላውቅም ነበር።»

ምሕረት በታጠበ ፊቷ፣ በተበከለ ቬሎዋ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ከተማው ለተወሰነ ጊዜ አወራ። የያዕቆብ እናት ለወራት አኮረፉ።

ፋሲካ ሲደርስ ጋሽ ዳና ብርሃንና ጨለማን እንኳ አይለዩም ነበር። ምሕረት ሥራዋን ትታ ልትመጣ ብትለምናቸውም አሻፈረኝ ብለው ከእህታቸው ጋር ቀሩ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጎራ እላለሁ። ተጽናንተው አገኛቸዋለሁ ብዬ የሄድኩበትን አንድ ቀን አልረሳም። ክረምት ገብቷል። በረንዳ ላይ እጃቸውን ጭናቸው መሐል ከተው ተቀምጠዋል።

«ሄደ» አሉኝ ድምፄን እንደሰሙ።

«ምኑ?»

«ቅንድቧ። ትናንት ነበረ። ዛሬ ስፈልገው የለም። ጠባሳው በየት በኩል ነበር? በቀኝ ነው በግራ?»

«በግራ ነው፣ ጋሽ ዳና። አይዞዎት፣ ያን ቀን በደንብ አይተዋታል እኮ።»

«አየሁ!» ብለው ጮኹ። «ባለኝ ዓይን ሁሉ አየሁ! ግን አይቆይም፣ አስቴር! ይቆያል ብዬ ያንን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ። ይቆያል ብዬ አየሁ። ሁለቱም አይቆዩም!» እንባው ያለ ዓይናቸው ፈቃድ የሚወርድ ይመስል ነበር። እህታቸው ከውስጥ ብቅ ብለው አዩንና ተመለሱ። የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ታዲያ ምን ቀረልዎት?»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ምንም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፦ «ያን ቀን ግን ከእሷ ጋር ነበርኩ። ጓሮው ውስጥ። ተወልዳ እስክትዳር ከእሷ ጋር የነበርኩት ያን ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ከስልኩ ኋላ ነበርኩ።» ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ትንሽ ናት። በጣም ትንሽ ናት፣ አስቴር።»

እጄን እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«የአንቺን ፊትማ ከሁሉ ቀድሜ ነው የረሳሁት» አሉኝ። «አትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኩም። ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠግቼ፣ ጉልበታችን እስኪነካካ ድረስ ተጠግቼ፣ እስኪመሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።